ልዕልት ፀሐይ እና የሆድ ላይ ጠባሳ

ሐይቅ የሄደ ሰው መጀመሪያ ስልኩን የሚያወጣው ለሐይቁ ነው፤ ቀጥሎ ለእስጢፋኖስ ገዳም። ገዳሙ የወንዶች ስለሆነ ሴቶቹ ከውጭ ይቀሩና ውሃውን ከጀርባቸው አድርገው ፎቶ ይነሳሉ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ስላስተማሩበት ስለዚህ ቦታ ብዙ ተጽፏል። የዛሬው ጽሑፍ ግን ከውጭ ስለሚቀሩት ነው።

እስቲ ፎቶው ከመለጠፉ በፊት ያለችውን ደቂቃ አስቡ። በቅርብ የወለደችው እናት ሆዷን በነጠላ ትሸፍናለች፤ ካልሆነም በስልኳ አፕ ታቀጥነዋለች። በኦፕራሲዮን የወለደች ከሆነ ደግሞ ከጠባሳው በላይ ተንጠልጥሎ የቀረው ቆዳ ያሳስባታል። ቲክቶክ ሐሳቧን ያነበበ ይመስል ወዲያው ከኦፕራሲዮን በፊትና በኋላ የተነሱ የሆድ ፎቶዎችን ይደረድርላታል። ልጁ ተኝቷል፤ እሷ ግን እስከ ሌሊት ድረስ የሌሎች ሴቶችን ሆድ ታያለች።

ይሄ ጉዳይ ቀላል አይደለም፣ የሚያሳፍርም አይደለም። ወደ እሱ ከመግባታችን በፊት ግን የአንዲት ሴት ሕይወት እንይ። ከሐይቅ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ አቅጣጫ ካለው ከአምባሰል እንነሳ።

ብዙዎቻችን አምባሰልን የምናውቀው በዘፈን ቅኝቱ ነው። አገሩ ግን የራሱ ገዢዎች ነበሩት፤ ማዕረጋቸውም ጃንጥራር ይባል ነበር። ከእነሱ አንዱ ጃንጥራር አስፋው ናቸው። የወሎውን የንጉሥ ሚካኤልን ልጅ ወይዘሮ ስሂንን አግብተው አምባሰል ላይ ሴት ልጅ ወለዱ። ደሴ ያደገ ሁሉ ወይዘሮ ስሂን የሚለውን ስም ከትምህርት ቤቱ ያውቀዋል፤ ትምህርት ቤቱ በእኚህ እናት ስም የተሰየመ ነው። የተወለደችው ልጅ መነን ተባለች። አድጋ ራስ ተፈሪን አገባች፤ በኋላም እቴጌ መነን ሆነች።

እቴጌ መነን ከራስ ተፈሪ ከወለዷቸው ሴቶች የመጨረሻዋ ጥቅምት 1912 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ተወለዱ። ፀሐይ ተባሉ። በእናታቸው በኩል የአምባሰል የልጅ ልጅ፣ የንጉሥ ሚካኤል ደግሞ የልጅ ልጅ ልጅ ናቸው ማለት ነው።

ልዕልት ፀሐይ 16 ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ መስከረም 1928 ዓ.ም ጣሊያን ወረራውን ጀመረ። ልጅነታቸው እዚያ ላይ አበቃ። ከእናታቸው ጋር ሆነው ለጦር ሜዳ ቁስለኞች ፋሻና ልብስ ከሚያዘጋጁት ሴቶች ጋር ሠሩ። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም ቤተሰቡ በባቡር ወደ ጂቡቲ ወጣ፤ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም፣ በመጨረሻም ወደ እንግሊዝ። ባዝ በምትባል ከተማ ሰፈሩ።

የስደተኛ ንጉሥ ልጅ ምን ትሠራለች? ቤት ተቀምጣ መልካም ዜና መጠበቅ ትችላለች። ልዕልት ፀሐይ ግን ለንደን ውስጥ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሚባለው ታዋቂ የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት መማር ጀመሩ። የተማሪ ነርስ ሥራ ደግሞ ማዕረግ አያይም፤ አልጋ ማንጠፍ፣ የሕፃን ቁስል ማጠብ፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ማደር ነው። እ.ኤ.አ በ1939 በሕፃናት ነርስነት ብቁ ሆነው ተመዘገቡ። እዚያ ላይ ማቆም ይችሉ ነበር፤ አላቆሙም። ጋይስ በተባለው ሌላ የለንደን ሆስፒታል የአጠቃላይ ነርስነት ትምህርት ቀጠሉ። ያን ጊዜ ለንደን ላይ ቦምብ ይዘንብ ነበር። በዘመናዊ መንገድ ከሠለጠኑት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ነርሶች አንዷ የሆኑት እንዲህ ነው።

ከነጻነት በኋላ አገራቸው ተመለሱ። ሐሳባቸው ግልጽ ነበር፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ዘመናዊ ሕክምናና የነርሶች ሥልጠና እንዲስፋፋ ይፈልጉ ነበር። ሚያዝያ 1934 ዓ.ም ኮሎኔል አቢይ አበበን አገቡና ባላቸው ወደተሾሙበት ወደ ወለጋ አብረው ሄዱ። አረገዙ።

ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም ነቀምት ላይ በእርግዝና ምክንያት በመጣ ችግር አረፉ። ከሠርጋቸው አራት ወር እንኳ አልሞላም። ዕድሜያቸው 22 ነበር።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ናቸው። ራሳቸው የሠለጠኑ ነርስ ናቸው። ባላቸው የአገሩ ገዢ ናቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ እርግዝና ገደላቸው። ታዲያ በዚያው ክረምት በአምባሰል ገደል ሥር፣ በሐይቅ ዳር፣ ሐኪም አይታ የማታውቅ ሴት ምጥ ሲይዛት ምን ተስፋ ነበራት? የወለደች ሴት ዘንድ ስንገባ እንኳን ማርያም ማረችሽ የምንለው እኮ ለወግ ብቻ አይደለም። ቃሉ የመጣው መውለድ ከሞት ጋር ጎን ለጎን ከነበረበት ዘመን ነው። ለእናቲቱ የምንለው መትረፏን ነው።

የልዕልቲቱ ሞት እንግሊዝ ድረስ ተሰማ። ለኢትዮጵያ ነጻነት ስትሟገት የኖረችው ሲልቪያ ፓንክኸርስት በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ የገንዘብ ማሰባሰብ ዘመቻ መራች። እ.ኤ.አ በ1951 የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀመረ። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ሆስፒታል እሱ ነው። ታክሲ ውስጥ ወራጅ አለ ብለን የምንወርድበት ሰፈር ስሙን ያገኘው በኋላ ነው፤ የሆስፒታሉ የመጀመሪያ ስም ግን የአንዲት በእርግዝና የሞተች ወጣት ስም ነበር።

ታሪኩ እዚያም አላበቃም። እ.ኤ.አ በ1959 ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን እና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ወደዚሁ ሆስፒታል መጡ። የመጡት አዋላጆችን ለማሠልጠን ነበር። እዚያ ግን ፊስቱላ ያለባቸውን ሴቶች አገኙ። ምጥ ለቀናት ሲጓተት የልጁ ጭንቅላት የእናቲቱን አካል በአጥንቷ ላይ ተጭኖ ደም እንዳይደርሰው ያደርጋል፤ የተጫነው ሥጋ ይሞትና ይበሳል፤ ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ሁለቱ ሐኪሞች ይህን ቀዳዳ መጠገን ሕይወታቸው አደረጉት፤ እ.ኤ.አ በ1975 ደግሞ የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ፊስቱላን የሚያስቀረው ዋናው ነገር ምጡ ሳይጓተት የሚደርስ እርዳታ ነው፤ ብዙ ጊዜም በኦፕራሲዮን ማዋለድ።

እንግዲህ ወደ ሆዳችን እንመለስ። ያ ከእምብርት በታች ያለው አግድም መስመር ምንድን ነው? እ.ኤ.አ በ1900 ጀርመናዊው ሐኪም ኸርማን ፋነንሽቲል ከብልት አጥንት ከፍ ብሎ በአግድም የሚቀደድበትን መንገድ አስተዋወቀ። ከላይ ወደ ታች ከሚቀደደው ይልቅ ጠንክሮ ይድናል፣ በልብስም ይሸፈናል። ሐኪሙ ቆዳውን፣ ስቡንና ጠንካራውን የጡንቻ ሽፋን ቀድዶ፣ ጡንቻውን ወደ ጎንና ጎን ገፍቶ ማህፀኑ ጋ ይደርሳል። ልጁ ከወጣ በኋላ የተከፈተው መልሶ ይሰፋል። ልዕልት ፀሐይ ዕድሜ አግኝተው ቢሆን ኖሮ ብዙ እናቶች ላይ ሲሠራ ያዩት የነበረው ነገር ይሄ ነው።

ከወሊድ በኋላ የሚቀረው ለውጥ ግን ሁሉም ከቢላዋው የመጣ አይደለም። ሆድ ሲገፋ ቆዳው ይለጠጣል፤ መሐል ላይ ያሉት ሁለት የሆድ ጡንቻዎች ደግሞ ይራራቃሉ። ይሄ በምጥ በወለደችም ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ስፖርት የምትሠራ፣ ክብደቷንም የቀነሰች ሴት ሆዷ አሁንም ወጣ ብሎ ቢታይ ሰነፍ ናት ማለት አይደለም።

ታዲያ ምን አማራጭ አለ? ከቀላሉ እንጀምር። የመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ ማህፀን ወደ ቦታው ለመመለስ ብቻ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ቆዳና ጡንቻ ደግሞ ወራት። በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚመራ የጥልቅ ሆድ ጡንቻ እንቅስቃሴ ብዙ ሴቶችን ይረዳል። መቀነት ማሰር ድጋፍ ይሰጣል፤ የተራራቀ ጡንቻን ግን አይሰፋም፣ ስብም አያቀልጥም። ለጠባሳው ደግሞ ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ከዳነ በኋላ የሲሊኮን ጄል ወይም ልጣፍ አለ። ጠባሳው እያበጠ ከመስመሩ ውጭ የሚያድግ ከሆነ ኬሎይድ ይባላል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ በብዛት ይታያል። ለእሱ ሐኪም የሚወጋው መድኃኒት አለ። ዝም ብሎ ቆርጦ ማውጣት ግን ከበፊቱ የባሰ ኬሎይድ ሊያመጣ ይችላል።

ቀጥሎ ኦፕራሲዮኖቹ ይመጣሉ። የጠባሳ ማስተካከያ የሚባለው አሮጌውን ጠባሳ አንስቶ እንደገና በጥንቃቄ መስፋት ነው። ስብ መምጠጥ ስብ ብቻ ያወጣል፤ የላላ ቆዳን አያጠብቅም፣ የተራራቀ ጡንቻንም አያገናኝም። ሦስተኛው ብዙዎች በፎቶ የሚያዩት ነው፤ የሆድ ማጥበቅ ኦፕራሲዮን። ሙሉ በሙሉ በማደንዘዣ ተኝተሽ፣ ከታች ያለው ትርፍ ቆዳና ስብ ተቆርጦ ይወጣል፣ የተራራቁት ጡንቻዎች ይሰፋሉ፣ ለእምብርትም አዲስ ቀዳዳ ይከፈትለታል። የኦፕራሲዮን ጠባሳው ብዙ ጊዜ ከሚወጣው ቆዳ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ቪዲዮው ላይ ብዙም የማይነገረው ግን እዚህ ጋ ነው። አንዱን አጭር ጠባሳ አጥፍተሽ ከዳሌ እስከ ዳሌ የሚደርስ ረጅም ጠባሳ ትቀበያለሽ። የኬሎይድ ዝንባሌ ካለሽ ይሄን ሁለት ጊዜ ማሰብ ያስፈልጋል። ቁስል ሊያመረቅዝ፣ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ ሊጠራቀም ይችላል። እግር ላይ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊገድልም ይችላል፤ ይሄ በብዛት የሚደርስ ባይሆንም እውነተኛ አደጋ ነው። ለሳምንታት ከባድ ነገር ማንሳት አይቻልም፤ ሕፃን ልጅ ያላት እናት ደግሞ ልጇን ማንሳቷ አይቀርም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቁስሉ በደንብ አይድንም። ኦፕራሲዮኑ የክብደት መቀነሻም አይደለም።

ጊዜውስ መቼ ነው? ከወሊድ በኋላ ቢያንስ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት መጠበቅ፣ ጡት ማጥባት መጨረስ፣ ክብደት አንድ ቦታ ላይ መርጋት አለበት። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌላ ልጅ የማታስቢ ከሆነ ነው የሚመከረው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ማርገዝ ይቻላል፤ ግን የተሰፋው ሁሉ እንደገና ይለጠጣል። ከመወሰንሽ በፊት ሐኪሙ የፕላስቲክ ሰርጀሪ ስፔሻሊስት መሆኑን ጠይቂ። ማደንዘዣውን ማን እንደሚሰጥ፣ ችግር ቢመጣ ጽኑ ሕሙማን ክፍል መኖሩን ጠይቂ። ጥያቄው የሚያስቆጣው ሐኪም ከሆነ መልሱን አግኝተሻል።

አንድ ነገር ግን ከውበት ጋር አይቀላቀል። ጠባሳው አካባቢ ስትስዪ ወይም ስትነሺ የሚወጣ እብጠት ካለ ኸርኒያ ሊሆን ይችላል። እብጠቱ ጠንክሮ አልመለስ ካለና ሕመምና ማስመለስ ከመጣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ነው። አዲስ የወለደች ሴት ቁስሏ ቀልቶ ካበጠ፣ መግል ካወጣ ወይም ትኩሳት ካላትም እንደዚሁ። ይሄ የሆድ ውበት ጉዳይ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ነው።

ልዕልት ፀሐይን ያነሳሁት ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ሕይወትሽ ተርፏልና ስለ ሆድሽ አታውሪ ማለት ጭካኔ ነው። የሰው ልጅ ተርፎ ብቻ አይኖርም፤ ራሱን በመስታወት አይቶ ደስ እንዲለው ይፈልጋል። ሃምሊኖች ሲጠግኑ የኖሩት እኮ በወሊድ የተጎዳ አካልን ነው፤ ሴቶቹም ወደ ሰው መሐል በኩራት ተመልሰዋል። ከወሊድ በኋላ አካልን ማስጠገን የቅንጦት ነገር ብቻ አይደለም።

ነገር ግን በቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ እናቲቱ ትትረፍ፤ ከዚያ ትዳን፤ ከዚያ ከፈለገች ትዋብ። ለሦስተኛው ሲባል የመጀመሪያውን አደጋ ላይ መጣል፣ ስፔሻሊስት የሌለበት ክፍል ውስጥ በርካሽ ተኝቶ መቀደድ፣ ልዕልቲቱ ለመማር ዓመታት የለፉለትን ነገር መርሳት ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሐይቅ ዳር ፎቶ ስትነሺ ነጠላሽን ካሻሽ ሸፍኚበት፣ ካላሻሽ ተዪው። ጦር ኃይሎች ስትወርጂ ደግሞ ቀና ብለሽ ሆስፒታሉን እይው። 22 ዓመታቸው ነበር።