የአዲስ አበባዋ ተመራጭ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ማለዳ ጎተራ አካባቢ በሚገኝ አንድ የምርጫ ጣቢያ ደጃፍ ተሰልፌ ነበር። የቀደመኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም፤ ስደርስ ግን ሰልፉ ከግቢው አልፎ መንገድ ወጥቷል። የዛሬው ማሳለጫ መንገድ ያኔ አልተሠራም። ከፊቴ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ምርኩዝ ተደግፈው የቆሙ አንዲት አዛውንት እናት ነበሩ። ወጣቶቹ ቅድሚያ እንስጥዎት ቢሏቸውም እንደማንኛውም ሰው ተራቸውን ጠብቀው እንደሚመርጡ ተናግረው ቦታቸውን አልለቅም አሉ።

ሰዓቱን ለመግፋት ጨዋታ ጀመርን። እንደ ብዙው የዘመኔ ሰው ሁሉ እኔም በዚህች ከተማ ምርጫ የሚባል ነገር የተጀመረው በእኛ ዕድሜ ይመስለኝ ነበር። እኚህ እናት ግን በጃንሆይ ዘመን፣ ገና አዲስ ሙሽራ ሳሉ፣ ድምፅ ሰጥተው እንደሚያውቁ አጫወቱኝ። ያን ጊዜ አዲስ አበባ አንዲት አስተማሪ ሴት መርጣ ምክር ቤት ማስገባቷንም አከሉልኝ። ማን እንደነበሩ ብጠይቃቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ መሆናቸውን ነገሩኝ።

ስማቸውን አውቀው ነበር፤ የማውቀው ግን በደራሲነታቸው ነው። ቤቴ ስገባ ስለ እርሳቸው ማንበብ ጀመርኩ፤ እያደርም ብዙ ነገር ሰበሰብኩ። አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በዚያች ማለዳ ወይዘሮ ስንዱ በሕይወት ነበሩ። ሄጄ ልጠይቃቸው ስችል፣ ዛሬ ነገ ስል፣ ሚያዝያ 2001 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው ማረፋቸውን ሰማሁ። ይህ ጽሑፍ ሳልሄድ ለቀረሁበት ጥየቃ ማካካሻ ይሁንልኝ።

ወይዘሮ ስንዱ በጥር ወር 1908 ዓ.ም. በአዲስ ዓለም አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ ስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በዘመናቸው የውጭ ቋንቋ ከሚያውቁ ጥቂት ኢትዮጵያውያን አንዱ የነበሩና በ1911 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ከተላኩት የመንግሥት መልእክተኞች መካከል የሚቆጠሩ ሰው ናቸው። ሴት ልጅ ከጓዳ እንዳትወጣ በሚታሰብበት ጊዜ፣ ከንቲባ ገብሩ ሴት ልጃቸውን ለትምህርት ባሕር ማዶ ላኩ። ስንዱ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ስዊዘርላንድ ሄደው፣ በሎዛን ከተማ ሥነ ጽሑፍ ተምረው፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ብዙም ሳይቆዩ ጦርነቱ መጣ። አዲስ አበባ በጠላት እጅ ስትወድቅ ወይዘሮ ስንዱ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ፣ ተጉዘው ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋር ተሰለፉ፤ ቁስለኛም ያስታምሙ ነበር። በመጨረሻ በጠላት እጅ ወደቁ፤ እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ሰዎችም ሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው ወደ አሲናራ ደሴት ተጋዙ። በሃያ ዓመት ገደማ ዕድሜያቸው የአውሮፓን ሁለት ገጽ አዩ፤ በሎዛን ትምህርት ቤቱን፣ በአሲናራ ወህኒ ቤቱን።

ከነፃነት በኋላ ሕይወታቸው በአብዛኛው በትምህርት ቤት ውስጥ አለፈ። በ1923 ዓ.ም. በተመሠረተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት አገልግለው፣ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ለመሆን በቁ። በ1942 ዓ.ም. ደግሞ ‹የልቤ መጽሐፍ› የተሰኘውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። የከተማው ሕዝብ ያወቃቸው እንግዲህ በዚህ ሥራቸው ነው፤ የስንት ቤተሰብ ሴት ልጅ በእጃቸው አልፋለች።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። እንደሚታወቀው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መሳፍንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ ገና አልደረሰም ተብሎ ነበርና። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህን ለወጠው። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ በሚኖርበት አውራጃ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቀደ። ሕዝባቸው ከ30 ሺህ በላይ የሆነ ከተሞችም የራሳቸው እንደራሴ እንዲኖራቸው ደነገገ። አዲስ አበባም እንደራሴዎቿን ራሷ የምትመርጥ ከተማ ሆነች። የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ በመስከረም 1950 ዓ.ም. ሲካሄድ ለምክር ቤቱ 210 መቀመጫዎች ነበሩ።

ነገር ግን መምረጥ ሌላ፣ መመረጥ ሌላ ነበር። ዕጩ ለመሆን 25 ዓመት መሙላት ብቻ አይበቃም፤ በሚወዳደርበት አካባቢ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ፣ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት ያስፈልጋል። የጎተራዋ እናት ይህን ሲያነሱ ፈገግ ብለው ነበር፤ እርሳቸው ያኔ ቤት ተከራይተው ይኖሩ ስለነበር መምረጥ እንጂ መመረጥ አይታሰባቸውም። የፖለቲካ ፓርቲ ደግሞ ክልክል ነበር። ዕጩው የሚታወቀው በስሙ፣ በዘመዱ፣ በሀብቱና በሥራው ብቻ ነው።

ይህ የንብረት ነገር የእኛ ብቻ አልነበረም። የፓርላማ እናት በምትባለው በእንግሊዝ የምክር ቤት አባል ለመሆን ንብረት ይጠየቅ የነበረ ሲሆን የቀረው በፈረንጆቹ 1858 ነው። እዚያው እንግሊዝ ኦልድ ሳረም የምትባል ባዶ ኮረብታ፣ በ1831 ድምፅ ሰጪዎቿ 11 ብቻ ሆነው ሳለ ሁለት ተወካይ ወደ ለንደን ትልክ ነበር። በ1832ቱ የምርጫ ሕግ ማሻሻያ ነው ይህ መብቷ የተሰረዘው። ይህን የማነሳው የእኛን ለማሳመር አይደለም። ማን ይመርጣል፣ ማንስ ይመረጣል የሚለው ጥያቄ በየትኛውም አገር በአንድ ቀን እንዳልተመለሰ ለማስታወስ ነው።

በዚህ ጠባብ በር ነው እንግዲህ ወይዘሮ ስንዱ የገቡት። በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ተመርጠው በኢትዮጵያ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆኑ። አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ነገር አለ። ወይዘሮ ስንዱ የተማሩባት ሎዛን ያለችበት የቮ ክፍለ ግዛት ለሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠው በፈረንጆቹ 1959 ነው፤ ይኸውም ከስዊዘርላንድ ክፍለ ግዛቶች ሁሉ ቀድሞ ነው። በመላው ስዊዘርላንድ ደረጃ የሴቶች ድምፅ የተፈቀደው በ1971 ነው። ወይዘሮ ስንዱ የተመረጡት በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1957 ነውና፣ ያስተማሯቸው የስዊዝ ሴቶች ለፌዴራል ምክር ቤት ድምፅ ለመስጠት ገና 14 ዓመት ሲቀራቸው ተማሪያቸው አዲስ አበባ ላይ የሕዝብ እንደራሴ ሆነው ተቀምጠው ነበር። ዘመናዊነትን ሁሉ ከውጭ እንደመጣ ዕቃ ለምንቆጥር ለእኛ ለከተሜዎቹ ይህ ትንሽ ነገር አይመስለኝም።

ወንበሩ ግን ምን ያህል ሥልጣን ነበረው? ሚኒስትሮቹን የሚሾሙትና የሚሽሩት ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላትም የሚሾሙት በእርሳቸው ነው። ወይዘሮ ስንዱ በዚሁ ምክር ቤት ውስጥ ምክትል ፕሬዚዳንት እስከመሆን ደርሰዋል፤ የወንዶች ጉባኤ ሴትን በዚያ ወንበር ማስቀመጡ ራሱ ቀላል እርምጃ አልነበረም። ሆኖም በዚያው የምክር ቤት ዘመን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ ታወጀ። ሕጉ በብዙ ነገሩ ዘመናዊ ቢሆንም ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። ያ ድንጋጌ የቀረው በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ፣ ማለትም ከ40 ዓመት በኋላ ነው።

እኔ ከዚህ የምረዳው ይህን ነው። አንዲት ሴት በ210 ወንበሮች መካከል መቀመጧ በሩን ይከፍታል፤ ቤቱን ግን አይለውጠውም። ለውጡ የመጣው ወይዘሮ ስንዱ ያስተማሯቸው ልጆችና የልጅ ልጆች ጠበቃ፣ ሐኪም፣ ባለሥልጣን ሆነው ጥያቄውን በየተራ ሲያነሱት ነው። ስለዚህ የምክር ቤት ዘመናቸውን ከአስተማሪነታቸው ነጥዬ ማየት አልችልም።

ከምክር ቤቱ በኋላ ወይዘሮ ስንዱ በጀርመን በኢትዮጵያ ኤምባሲ አገልግለዋል። ያ ምክር ቤት ደግሞ በየ4 ዓመቱ እየተመረጠ እስከ 1965ቱ ምርጫ ዘልቆ በመስከረም 1967 ዓ.ም. በደርግ ተበተነ። እርሳቸው ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ኖረው ሌላ መንግሥት፣ ሌላ ምርጫ ለማየት በቅተዋል።

ወደ ጎተራው ሰልፍ ልመለስ። ድምፃችንን የሰጠነው ፀሐይ ከከረረ በኋላ ነው። በዚያ ምርጫ የአዲስ አበባን 23 መቀመጫዎች በሙሉ ቅንጅት አሸነፈ፤ ከተመራጮቹ ብዙዎቹ ግን ምክር ቤት ሳይገቡ ቀሩ፤ ደም ፈሰሰ፣ እስርም ተከተለ። ቀሪውን አንባቢ ያውቀዋል። ጣቴ ላይ ያለው ቀለም ሳይለቅ ነገሩ ሁሉ ሲበላሽ፣ ያን ሁሉ ሰዓት በከንቱ የቆምኩ መስሎኝ ነበር።

ያን ጊዜ የሚያጽናናኝ የእኚያ እናት ነገር ነው። በ1950 ዓ.ም. ድምፅ የሰጡለት ምክር ቤት ንጉሡን አልተቆጣጠረም፤ የሚስትን መብትም አላስከበረላቸውም። ሆኖም ከ47 ዓመት በኋላ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ቅድሚያ ሲሰጣቸው እንኳ እምቢ ብለው፣ ተራቸውን ጠብቀዋል። የመረጧትንም ሴት ስም አልረሱም። ዛሬ በማሳለጫው ሳልፍ ያን ሰልፍ አስባለሁ። ወይዘሮ ስንዱን በሕይወት ሳሉ ባለመጠየቄ የተረፈኝ ቁጭት ነው፤ እናንተ ግን በሰፈራችሁ ያሉትን አዛውንት፣ ያኔ ማንን መረጣችሁ ብላችሁ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።