ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በአዲስ አበባ

በ1891 ዓ.ም. አንድ ሐኪም ከሩቅ አገር ተነሥተው፣ በሐረር በኩል አድርገው አዲስ አበባ ገቡ። የመጡት ከበርማ ሲሆን ሥራቸውም በእንግሊዝ መንግሥት ሥር ነበር። ስማቸው ዶክተር ቻርልስ ማርቲን ይባላል። መልካቸው የአገር ልጅ መልክ ነው፤ አማርኛ ግን አይችሉም ነበር።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት ወደ መቅደላ እንመለስ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሞተው የእንግሊዝ ጦር አምባውን በያዘ ጊዜ፣ አንድ የጎንደር ተወላጅ ሕፃን በዚያ ሁካታ መካከል ከዘመዶቹ ተለይቶ ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባሉ መኮንን ወደ ህንድ ይዘውት ሄዱ። እሳቸው ብዙም ሳይቆዩ ሲሞቱ፣ ማርቲን የተባሉ ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻሉለት። ቻርልስ ማርቲን የሚለውም ስም ከነዚሁ ከሁለቱ መኮንኖች የመጣ ነው። ልጁ ትምህርት የሚገባው ስለ ነበረ በ1874 ዓ.ም. ከላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቀ፤ ኋላም ስኮትላንድ ሄዶ ዕውቀቱን አስፋፍቶ በበርማ የመንግሥት ሐኪም ሆነ።

ደመወዝና ማዕረግ ያለው ሥራ ነበር። የዐድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. በዓለም ሲሰማ ግን፣ የተወለዱባትን አገር ለማየት የነበራቸው ምኞት ጨርሶ የማያስቀምጥ ሆነባቸው። ፈቃድ ወስደው መጡ።

የዚያን ጊዜዋ አዲስ አበባ ዛሬ የምናውቃት ከተማ አይደለችም። ከተቆረቆረች ገና አሥራ ሁለት ዓመት ያህሏ ነበር። በየኮረብታው ላይ የመኳንንቱ ሰፈር፣ በየሰፈሩ ዙሪያ ጎጆና ድንኳን ይታያል፤ በዝናብ ጊዜ ወንዙ ሲሞላ ከሰፈር ወደ ሰፈር መሻገር ችግር ነው። የማገዶ እንጨት ከመመናመኑ የተነሣ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደ ነበር እናስታውሳለን። ከተማዋ ራሷ ተደላድላ ሳትቀመጥ አንድ እንግዳ ሐኪም እንዴት ተደላድሎ ይቀመጣል? ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነውና መድኃኒቱም መሣሪያውም ከባሕር ወደብ የሚመጣው በግመልና በበቅሎ ጭነት ነበር።

ዶክተሩ በከተማው ውስጥ ድንኳን ተክለው ያለ ዋጋ ማከም ጀመሩ። በሽተኛው በአማርኛ ይናገራል፤ አስተርጓሚው ወደ እንግሊዝኛ ያዞራል፤ መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል። ሕክምናን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው ከሥራው ግማሹ ሕመምተኛውን በደንብ መጠየቅ ነው። ስለ ሆድ ቁርጠት ወይም ስለ ውጋት የተነገረች አንዲት ቃል በአስተርጓሚ አፍ ስትዞር ልትጣመም ትችላለች። ወደ ሩቅ ጠቅላይ ግዛት ተመድቦ፣ የሕዝቡን ቋንቋ ሳያውቅ ቢሮ ከፍቶ የተቀመጠ ወጣት ሹም ይህን ጭንቀት ያለ ማብራሪያ ይገነዘበዋል።

በመቅደላ ጠፍቶ የነበረ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጣ የሚለው ወሬ በከተማው ተዳረሰ። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ወደ እሳቸው መጡ። አያታቸው ነበሩ። የጠፋው የልጅ ልጃቸው በሰውነቱ ላይ የነበረውን የጠባሳ ምልክት ያስታውሱ ነበርና፣ ጠባሳው ሲታይ እንደ ተናገሩት ሆኖ ተገኘ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ዶክተሩ የነጋድራስ እሸቴ ልጅ መሆናቸውን፣ ስማቸውም ወርቅነህ መሆኑን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ከገዛ አያታቸው ጋር ሲጨዋወቱ እንኳ አስተርጓሚ በመካከል መቆሙን ስናስብ ልባችን ይነካል።

ይሁን እንጂ ቤት ተገኘ ማለት ኑሮ ተቃና ማለት አይደለም። የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኛ ስለ ነበሩ ፈቃዳቸው ሲያልቅ ወደ በርማ ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ለጋሲዮን ሐኪም ሆነው መጡ፤ በሕመም ላይ የነበሩትን ዳግማዊ ምኒልክንም አከሙ። ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ልጆች ወለዱ። እንደ ገና ወደ በርማ፣ እንደ ገና ወደ ኢትዮጵያ። ጡረታቸውን ይዘው ለመኖር የተመለሱት በ1910ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ዕድሜያቸውም ከኀምሳ አልፎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪካቸው በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኑ፤ ጨርጨርን ገዙ፤ ኢጣልያ ስትወረን በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። በአስተርጓሚ ያክሙ የነበሩት ሰው ለተማሪዎች የጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ ጻፉ።

እንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው፣ ዮሴፍና ቢንያም፣ በወረራው ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፈው በየካቲት 1929 ዓ.ም. በፋሽስቶች ተገደሉ። አባት የዚያን ጊዜ ለንደን ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ መስከረም 1945 ዓ.ም. ድረስ፣ በዚያው ኖሩ።