ሲቲንግ ቡልና ፒፓው

ወላጆቻችንና አስተማሪዎቻችን ስለ ትንባሆ ፒፓ መጻፋችንን ሲያዩ ማጨስን የምናመሰግን እንዳይመስላቸው አስቀድመን እናሳስባለን። በሰሜን አሜሪካ ሰፊ ሜዳ ለሚኖሩት ለላኮታ ሰዎች ይህ ፒፓ የጸሎትና የቃል ኪዳን ዕቃ ነው። ላኮታዎች ሱ ከሚባሉት ነባር ሕዝቦች ወገን ናቸው። ከመሪዎቻቸው ስሙ በዓለም የታወቀው ሲቲንግ ቡል ስለ ሆነ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፒፓው ራስ የሚቀረጸው በሚኒሶታ ግዛት ከሚቆፈር ቀይ ድንጋይ ነው። ዘንጉ ረጅም እንጨት ሲሆን፣ ቀለም በገባ የጃርት እሾህና በላባ ያጌጣል። ራሱና ዘንጉ ተለያይተው ይቀመጡና ለሥርዓቱ ጊዜ ይገጠማሉ። በትውፊታቸው መሠረት ፒፓውን ያመጣችላቸው ነጭ የጎሽ ጥጃ የተባለች ቅድስት ሴት ናት። ጭሱ ጸሎትን ወደ ላይ ያደርሳል ብለው ስለሚያምኑ፣ ፒፓውን ያጨሰ ሰው እውነት መናገር ይገባዋል።

ሲቲንግ ቡል የተወለደው በ1831 ገደማ ነው። በልጅነቱ ከመናገሩም ከመሥራቱም በፊት ረጋ ብሎ የሚያስብ ስለ ነበረ ዘገምተኛ የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። በ14 ዓመቱ በጦርነት ጀግንነት ስላሳየ አባቱ የራሱን ስም ሰጠው። ትርጓሜውም የተቀመጠ የጎሽ ኮርማ ማለት ነው።

በነሐሴ 1872 በየሎስቶን ወንዝ አጠገብ፣ የባቡር ሐዲድ መስመር የሚቀይሱትን ሰዎች ከሚጠብቁ ወታደሮች ጋር ውጊያ ሆነ። ተኩሱ ሲበረታ ሲቲንግ ቡል የፒፓውን ከረጢት ይዞ በእርጋታ በሁለቱ ወገኖች መካከል ሄደና ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሌሎች አራት ሰዎች ተከተሉት። ጥይት በአጠገባቸው እያፏጨ ሲያልፍ ፒፓውን ለኩሶ በየተራ አዞረላቸው። ትንባሆው ሲያልቅ ውስጡን በእንጨት ጠርጎ፣ ከረጢቱ ውስጥ መልሶ፣ እንደ አመጣጡ ቀስ ብሎ ተመለሰ። አራቱ ግን ሮጡ!

የአሜሪካ መንግሥት በ1868 በተፈረመው ውል ጥቁር ኮረብቶች የተባለውን አገር ለሱ ሕዝብ አጽንቶ ነበር። በ1874 ወርቅ በተገኘ ጊዜ ግን ውሉ ተረሳ። ከዚህም የተነሣ በሰኔ 25 ቀን 1876 በሊትል ቢግሆርን ወንዝ ዳር በተደረገው ጦርነት የጦር አለቃው ኩስተርና ከ200 በላይ ወታደሮቹ አለቁ። ድሉ ግን አልበረከተም። ሲቲንግ ቡል በ1877 ሕዝቡን ይዞ ወደ ካናዳ ተሰደደ። ጎሹ እየጠፋ ረኃብ ሲጸና በሐምሌ 1881 ተመልሶ እጁን ሰጠ፤ ጠመንጃውንም ያስረከበው በትንሹ ልጁ እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል በእስር ቆየ። ሲፈታም የሕዝቡ መሬት እንዳይሸጥ መከራከሩን አልተወም። በታኅሣሥ 15 ቀን 1890 ሌሊት ሊነጋጋ ሲል ሊይዙት የመጡት የመንግሥት ፖሊሶች ገደሉት። እጅግ የሚያሳዝነው ፖሊሶቹ የገዛ ወገኖቹ መሆናቸው ነው።

የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1980 ጥቁር ኮረብቶች ያለ አግባብ እንደ ተወሰዱ አምኖ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ እንዲከፈል ፈረደ። የሱ ሕዝብ ግን መሬታችንን እንጂ ገንዘብ አንፈልግም በማለት አልተቀበለም።

እኛ ተማሪዎች ይህን ታሪክ ስናነብ ሁለት ቃል ኪዳኖችን አስተያየን። አንደኛው በወረቀት ተጽፎና ተፈርሞ ስድስት ዓመት ብቻ ቆየ። ሁለተኛው በቀይ ድንጋይ ፒፓ የሚታሰር ነው፤ ሲቲንግ ቡል በጥይት መካከል ተቀምጦ ያጨሰው ሰው እስከ ዕለተ ሞቱ ጠበቀው። ቃልን የሚያጸናው የተጻፈበት ነገር ሳይሆን የያዘው ሰው መሆኑን ከዚህ ተረድተናል።