ባለቅኔው አትክልተኛ፤ ዊልያም ወርድስወርዝ

የእንግሊዝን ሥነ ጽሑፍ በትምህርት ቤት የቀመሰ ሰው ዊልያም ወርድስወርዝን የሚያስታውሰው ስለ ዳፎዲል አበባ በገጠመው ግጥም ነው። ይሁን እንጂ ይህ ባለቅኔ አበባን ያወደሰ ብቻ ሳይሆን አፈር ቆፍሮ የተከለ አትክልተኛም ነበር። ለእኛ፣ ሞያችን ተክል ለሆነው ሰዎች፣ ታሪኩ የሚነገረውም ስለዚህ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወርድስወርዝ ኤፕሪል 7 ቀን 1770 በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በኮከርማውዝ ከተማ ተወለደ። ስምንት ዓመት ሳይሞላው እናቱ ሞተች፤ እጅግ የሚወዳት እኅቱ ዶሮቲም ወደ ዘመድ ቤት ተላከች። በ13 ዓመቱ ደግሞ አባቱን ቀበረ። ወንድምና እኅት ከብዙ መንከራተት በኋላ ጸንተው የተቀመጡት በ1799 መጨረሻ በግራስሚር መንደር በተከራዩት ጎጆ ነው። ከጎጆው ጀርባ ያለውን ዳገት ከተራራና ከሐይቅ ዳር ነቅለው ባመጧቸው የዱር ተክሎች አለሙት። የተበተነ ቤተ ሰብ እንደገና የተሰበሰበው በዚያች ጓሮ ነበር ማለት ይቻላል።

ኤፕሪል 15 ቀን 1802 ሁለቱ በአልስዋተር ሐይቅ ዳር ሲጓዙ የዱር ዳፎዲል መስክ አዩ። ዶሮቲ ያየችውን በማስታወሻዋ መዘገበች፤ እርሱም በ1804 ገጠመው። በዚያው ዓመት ልጁ ዶራ ተወለደች።

በ1812 ሁለት ሕፃናት ልጆቹ ሞቱበት። በማግሥቱ ዓመት ወደ ራይደል ማውንት ተዛውሮ እስከ ዕለተ ሞቱ 37 ዓመት ያህል ኖረበት፤ ተዳፋቱንም በእርከን እየደለደለ የታወቀ የአትክልት ቦታ አደረገው። በ1826 አከራዮቹ ያስለቅቁኛል ብሎ ስለ ሠጋ፣ ቤት ሊሠራበት አጠገቡ ያለውን መስክ ገዛ። ቤቱ ግን ሳይሠራ ቀረ፤ መስኩንም ለዶራ ሰጣት።

በ1843 የመንግሥቱ ባለቅኔ ተብሎ ተሾመ። ክብሩ ግን ከሐዘን አላዳነውም፤ በጁላይ 1847 ዶራ በሳንባ ነቀርሳ በ42 ዓመቷ ሞተች። አባትዬው ከዚያ ወዲህ ብዕሩን ያነሣው እምብዛም አልነበረም። ይልቁንም ከባለቤቱ ከሜሪና ከአትክልተኛቸው ጋር በመቶ የሚቆጠር የዳፎዲል ራስ በልጁ መስክ ተከለ።

ይህ ተክል ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። ሽንኩርት የሚመስለው ራሱ ከክረምቱ ብርድ በፊት፣ የቁመቱን ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ጠልቆ ይቀበራል። ብርዱ ካልነካው ደኅና አድርጎ አያብብም። አበባው ከረገፈ በኋላም ቅጠሉ ራሱ እስኪደርቅ ድረስ ሊቆረጥ አይገባም፤ ለመጪው ዓመት ስንቅ የሚያከማቸው በቅጠሉ ነውና። እንዲህ ከተያዘ፣ ከጎኑ ልጆች እያወጣ ተካዩ ካለፈ በኋላ ለብዙ ዘመን ይኖራል።

ወርድስወርዝ ኤፕሪል 23 ቀን 1850፣ በ80 ዓመቱ ዐረፈ። የዶራ መስክ ግን ዛሬም በእንግሊዝ የቅርስ ጠባቂ ማኅበር እጅ ይገኛል፤ የዳፎዲል ወራት በመጣ ቁጥር ያብባል። ቃል ያነሰው አባት ለልጁ ያቆመላት ሐውልት ይህ ነው፤ የተሠራውም በድንጋይ ሳይሆን እኛ በየቀኑ በምንይዘው አፈር ነው።