ጠያቂው ሊቅ አይዚዶር ራቢ

ያለ ቢላዋ የአንጎልንና የጅማትን ሥዕል ስለሚያነሣው ኤምአርአይ ስለሚባለው የሕክምና መሣሪያ ሳትሰሙ አትቀሩም። ለዛሬ የዚህን መሣሪያ መሠረት የጣለውን ሰው እናስተዋውቃችኋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አይዚዶር ራቢ በ1898 ዛሬ ፖላንድ ውስጥ በምትገኝ ሪማኑፍ በምትባል ትንሽ ከተማ ከድሃ የአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ። አባቱ መጀመሪያ በልብስ ስፌት፣ በኋላም በትንሽ ሱቅ ቤቱን ያስተዳድር ነበር። የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ምን እንደተማሩ ሲጠይቁ፣ የራቢ እናት ግን በዚያ ቀን ጥሩ ጥያቄ ጠይቆ እንደሆነ ነበር የምትጠይቀው። ለሳይንቲስትነት ያበቃው ይኸው መሆኑን ራቢ ራሱ በኋላ ተናግሯል።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1919 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ቢመረቅም ጥቂት ዓመታት ያለ ሁነኛ ሥራ ቆየ። በ1927 ከኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ፤ አውሮፓ ሄዶ ከኦቶ ሽተርን ዘንድ ሠርቶ ሲመለስ እዚያው ኮሎምቢያ አስተማሪ ሆነ። በ1938 የአቶም ኒውክለስ በማግኔት መካከል ሆኖ ልክ የሚስማማው የሬዲዮ ሞገድ ሲደርሰው አቅጣጫውን እንደሚገለብጥ አሳየ። በ1944 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

ራቢ ይህን ያየው አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ በሚበሩ ሞለኪውሎች ላይ ነበር። በ1946 ፌሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርሴል እየብቻቸው በፈሳሽና በጠጣር ነገር ላይ መሥራቱን አስታወቁ። በ1973 ደግሞ ፖል ላውተርበር ወደ ሥዕል ለወጠው።

ታዲያ በሥዕሉ ላይ አንዱ የሰውነት ክፍል ከሌላው እንዴት ይለያል? በሰውነታችን ውሃና ስብ ውስጥ ሃይድሮጅን ሞልቷል። ሞገዱ ሲቋረጥ የሃይድሮጅኑ ኒውክለስ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ በስብ ውስጥ ቶሎ፣ በፈሳሽ ውስጥ ቀስ ብሎ። ባለሙያው ሞገዱን የሚደጋግምበትንና ምልክቱን የሚቀበልበትን ጊዜ እያሳጠረ ወይም እያስረዘመ አንዱን ነጭ ሌላውን ጥቁር ያደርገዋል። ይህ አልበቃ ሲል ጋዶሊኒየም ያለበት መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣል። መድኃኒቱ በአጠገቡ ያለውን የውሃ ሃይድሮጅን ቶሎ እንዲመለስ ስለሚያደርገው የደረሰበት ቦታ ደምቆ ይወጣል። አንዳንድ ዕጢ ተደብቆ እንዳይቀር የሚረዳው ይህ ነው።

ራቢ በጥር 1988 በ89 ዓመቱ አረፈ። በመጨረሻው ሕመሙ ጊዜ በዚሁ መሣሪያ ተመርምሮ ነበር። እዚያ ውስጥ ተኝቶ የገዛ ፊቱን በመሣሪያው ላይ ሲያይ፣ ሥራው እዚህ ይደርሳል ብሎ አስቦ እንደማያውቅ ገልጿል።

መቼም ጥያቄ የሚያበዛ ልጅ በየክፍሉ እንደ ረባሽ ሲቆጠር እናያለን። እኛ ነገ ጠመኔ የምንጨብጥ ዕጩ መምህራን ግን ምን ያህል እንዳስተማርን ብቻ ሳይሆን ስንት ልጅ እንደጠየቀን ጭምር እንቁጠር። ከነዚያ ጥያቄዎች አንዱ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የማን ሕይወት እንደሚያድን ማን ያውቃል?