አሰብን የገዛው ቄስ፤ የጁሴፔ ሳፔቶ የሕይወት ታሪክ

በትምህርት ቤት መጽሔት ላይ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው የነገሥታትና የጀግኖች ታሪክ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ የመረጥኩት ንጉሥም ጀግናም ያልነበረ ሰው ነው። ሰይፍ አልመዘዘም፤ ጦር አልመራም። ነገር ግን በአንድ የውል ወረቀትና በጥቂት ሺህ ብር በአገራችን ላይ ብዙ ጦርነት ያስከተለ በር ከፍቶ አልፏል። ስሙ ጁሴፔ ሳፔቶ ይባላል። የምጠቅሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሳፔቶ በ1803 ዓ.ም. በሰሜን ኢጣልያ፣ በሊጉርያ አውራጃ፣ ካርካሬ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በዚያን ጊዜ ኢጣልያ የአገር ስም እንጂ የመንግሥት ስም አልነበረም። ምድሩ ተከፋፍሎ ከፊሉ በልዩ ልዩ መሳፍንት፣ ከፊሉም በባዕድ እጅ ነበር። የኢጣልያ መንግሥት አንድ ሆኖ የታወጀው በመጋቢት ወር 1853 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ሳፔቶ ከመንግሥቱ በዕድሜ 50 ዓመት ይበልጥ ነበር ማለት ነው። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ይጠቅመናል።

በወጣትነቱ ላዛሪስት ወደሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ገባ። ማኅበሩም ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ሶርያና ወደ ሊባኖስ ምድር ላከው፤ በዚያም ዓረብኛ ተማረ። ከዚያ በኋላ አንቷንና አርኖ ዳባዲ ከሚባሉት ሁለት የፈረንሳይ ወንድማማቾች ጋር በቀይ ባሕር በኩል ተጉዞ በ1830 ዓ.ም. ምጽዋ ደረሰ፤ ከምጽዋም ወደ ደጋው ወጥቶ አድዋ ገባ። ዕድሜው ያን ጊዜ ገና 27 ዓመት ያህል ነበር።

ትግራይና ሰሜን በዚያ ዘመን የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ግዛት ነበሩ። በአድዋ ተቀምጠው የነበሩት የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን ከካህናቱ ጋር ባለመስማማታቸው በዚያው ዓመት ከከተማው እንዲወጡ ሲደረግ፣ ሳፔቶ ግን እንዲቀመጥ ተፈቀደለት። ይህም ቀላል ነገር አልነበረም፤ ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የካቶሊክ ቄስ በአገራችን በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ነበርና። በ1832 ዓ.ም. ጁስቲኖ ደ ያኮቢስ የተባለው መነኩሴ መጥቶ ሚሲዮኑን ሲያቋቁም መንገዱን ቀድሞ የጠረገለት ሳፔቶ ነበረ።

በ1840ዎቹ ዓመታት ደግሞ ሳፔቶ ከስቴላ መነኩሴው ጋር ተመልሶ መጣ። በዚህ ጉዞው የሄደው ወደ መንሳዕ፣ ወደ ቦጎስና ወደ ሐባብ ነው። ስለነዚህ ሕዝቦች አኗኗርና ስለ ሚሲዮኑ ሥራ አንድ ትልቅ መጽሐፍ በኢጣልያንኛ ጽፏል፤ የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። ሳፔቶ ያገራችንን መሬትና ሕዝብ በወሬ ሳይሆን በእግሩ ሄዶ ያወቀ ሰው ነበረ። ታሪኩን ልዩ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ከዚያ ወደ አገሩ ተመልሶ የሚሲዮኑን ኑሮ ተወና የዓረብኛ መምህር ሆነ። እዚህ ላይ ቢቀር ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያውቀው መጽሐፍ የሚያገላብጥ ሰው ብቻ በሆነ ነበር።

አሁን ከሰውየው ለጥቂት ጊዜ ወጥተን ዘመኑን እንመልከት። በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ በየመንገዱ የድንጋይ ከሰልና ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ መርከብ ያለው መንግሥት ሁሉ በባሕሩ ዳር ማረፊያ ይሻ ነበር። እንግሊዝ በ1831 ዓ.ም. ዓደንን በጦር ያዘች። ፈረንሳይ በ1854 ዓ.ም. ኦቦክን ከአፋር ባላባቶች በ10,000 ማርትሬዛ ብር ገዛች። (የጅቡቲ ቅኝ ግዛት የበቀለው ከዚችው ከኦቦክ ነው። ስለዚህ ዛሬ የአገራችን ዕቃ የሚገባበትም ወደብ ቢሆን የመሬት ግዢ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።) በዚህ ላይ ከሜዲትራንያን ወደ ቀይ ባሕር የሚያሻግረው የስዌዝ ቦይ ተቆፍሮ ሊያልቅ ተቃረበ። አዲሲቱ ኢጣልያ ነጋዴና መርከብ ነበራት፤ በቀይ ባሕር ግን አንዲት ስንዝር መሬት አልነበራትም።

መሬት በገንዘብ ገዝቶ ማደግ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም። የአሜሪካ መንግሥት ገና ወጣት ሳለ በ1795 ዓ.ም. ሉዊዚያናን ከፈረንሳይ በ15 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ የአገሩን ስፋት እጥፍ ያህል አድርጓል። በ1859 ዓ.ም. ደግሞ አላስካን ከሩስያ በ7,200,000 ዶላር ገዛ። በሁለቱም ጊዜ ሻጩ ትልቅ መንግሥት ነበረ፤ ምን እንደሚሸጥም ያውቅ ነበር። በምድሩ ላይ ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች ግን ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም። አሁን የምናየው የአሰብ ነገር ከዚህ ይለያል፤ የውሉ ተዋዋዮች የምድሩ ሰዎች ራሳቸው ነበሩና። ይህ የተሻለ ይመስላል፤ እንደሚመስለው ግን አይደለም።

በ1861 ዓ.ም. መጨረሻና በ1862 ዓ.ም. መጀመሪያ ገደማ ሳፔቶ ለኢጣልያ ባለሥልጣኖች አሳቡን አቀረበ፤ ይኸውም ቦዩ ሳይከፈት ኢጣልያ በቀይ ባሕር ዳር ማረፊያ ትያዝ የሚል ነበር። የጠቅላይ ሚኒስትር ሜናብሪያ መንግሥት ተቀበለው። ነገር ግን መንግሥቱ በይፋ ቢገዛ ግብፅ እንደምትከስና እንግሊዝም ቅር እንደምትሰኝ ያውቅ ነበር። ስለዚህ ገዢው ሩባቲኖ የተባለው የጄኖቫ የመርከብ ኩባንያ መስሎ እንዲታይ ተደረገ። ይህ ኩባንያ ለታሪክ እንግዳ አይደለም። በ1852 ዓ.ም. ጋሪባልዲ አንድ ሺህ ያህል ሰዎቹን ይዞ ወደ ሲቺልያ በተሻገረ ጊዜ የተሳፈረው በሩባቲኖ መርከቦች ነበር። ኢጣልያን አንድ ካደረገው ሥራ እጁ ያለበት ኩባንያ ነው ከባሕር ማዶ መሬት ለመያዝም መጋረጃ የሆነው።

ሳፔቶ አክተን ከተባለው አድሚራል ጋር ሆኖ ወደ ቀይ ባሕር ወረደና ባሕሩን ዳር ለዳር ተመለከተ። ምርጫው በአሰብ ላይ ወደቀ። ኅዳር 7 ቀን 1862 ዓ.ም. ሐሰን ቢን አሕመድና ኢብራሂም ቢን አሕመድ ከሚባሉ ሁለት ወንድማማች የአፋር ባላባቶች ጋር ተዋዋለ። ውሉ ከጋንጋ ተራራ እስከ ሉማ የባሕር ጫፍ ያለውን ዳርቻ በ6,000 ማርትሬዛ ብር የሚሸጥ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ የስዌዝ ቦይ ተከፈተ። የአውሮፓ መኳንንት በግብፅ በቦዩ በዓል ላይ ሲደሰቱ፣ አንድ የ58 ዓመት ቄስ ከቦዩ በስተደቡብ ርቆ ባለ በረሃ ውስጥ ውሉን ጨርሶ ነበር።

ከዚያ ወደ ኢጣልያ ተመልሶ አፍሪካ በተባለች መርከብ እንደገና መጣ፤ በመጋቢት 1862 ዓ.ም. ተጨማሪ ገንዘብ ተከፍሎ ውሉ ጸና፤ የኢጣልያም ባንዲራ በአሰብ ተሰቀለ። አንድ ነገር እዚህ ላይ ይገርመኛል። በዚህ ቀን ሮማ ገና የኢጣልያ ከተማ አልነበረችም። የኢጣልያ ጦር ሮማ የገባው ከስድስት ወር በኋላ፣ በመስከረም 1863 ዓ.ም. ነው። ዋና ከተማዋን ገና ያልያዘች አገር በአፋር በረሃ መሬት ገዝታ ነበር።

በእኛ በኩል ማን ያይ ነበር ቢባል፣ ማንም ማለት ይቻላል። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ ገና ሁለት ዓመት አልሞላም። ዋግሹም ጎበዜ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠዋል፤ በትግራይ በዝብዝ ካሣ፣ በሸዋ ንጉሥ ምኒልክ በየበኩላቸው ኃይላቸውን ያደላድሉ ነበር። ሁሉም የሚጠባበቁት እርስ በርሳቸው ነው እንጂ ባሕሩን አልነበረም።

የአፋር ባላባቶችስ? እነዚህን ሰዎች አገር ሸጡ ብሎ መውቀስ ለእኔ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። በአፋር ልማድ መሬት የጎሣ ነው፤ ሣሩና ውሃው በጋራ ይጠበቃል። ከባሕር የመጣ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ በዳርቻው ቢቀመጥ ለግመሉ መንገድ የሚከለክል መንግሥት ይሆናል ብሎ ማን ሊገምት ይችላል? የመርከብ ኩባንያ ነኝ ያላቸውን ሰው እንደ ነጋዴ ተቀበሉት። ከኋላው የቆመውን መንግሥት ሳፔቶ ያውቅ ነበር፤ እነሱ አያውቁም ነበር። የአፋርን ሰው እንግዳ አቀባበል የሚያውቅና ዓረብኛ የሚናገር ሰው ሊያስረዳቸው ይችል ነበር። ሳፔቶን የምወቅሰው በዚህ ነው።

ከግዢው በኋላ ወደ 10 ዓመት ያህል አሰብ ባዶዋን ቀረች። ግብፅ ዳርቻው የእኔ ነው ብላ ተከራከረች፤ በኢጣልያም ውስጥ ብዙ ሰዎች የአሸዋ ግዢ እያሉ ነቀፉ። አላስካም በተገዛ ጊዜ በአሜሪካ እንዲሁ ተነቅፎ ነበር። ሳፔቶ ግን ዝም አላለም፤ ስለ አሰብ ተቺዎች መልስ የሚሰጥ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1872 ዓ.ም. ደግሞ በስተርጅና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ወደ አሰብ ተመለሰ። በዚያን ጊዜ ኩባንያው ተጨማሪ መሬት እየገዛ ይዞታውን አሰፋ። በመጨረሻም በ1874 ዓ.ም. መጋረጃው ተገለጠ። የኢጣልያ መንግሥት አሰብን ከሩባቲኖ ኩባንያ በ416,000 ሊሬ ገዛ፤ በዚያው ዓመት በሰኔም በሕግ ቅኝ ግዛቱ መሆኗን አወጀ። የነጋዴ የነበረው የከሰል ማረፊያ የመንግሥት ሆነ።

የቀረውን ሁላችንም በክፍል ተምረነዋልና አላስረዝመውም። በጥር 1877 ዓ.ም. ኢጣልያ ምጽዋን ያዘች። ከዚያ ወደ ውስጥ ስትገፋ ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. በዶጋሊ መቷት፤ በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ተፈረመ፤ በታኅሣሥ 1882 ዓ.ም. ኤርትራ የምትባለው ቅኝ ግዛት ታወጀች። ነገር ግን አሰብ ለኢጣልያ ብቻ አልጠቀመችም። ንጉሥ ምኒልክ በግንቦት 1875 ዓ.ም. ከአንቶኔሊ ጋር የንግድ ውል ተዋውለው በአውሳ መንገድ ከአሰብ ጠመንጃ ያስመጡ ነበር። ኢጣልያ በገዛችው በር የገባ መሣሪያ በኋላ በማን ላይ እንደ ዞረ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ስለ ሳፔቶ በክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። ገሚሱ፣ ሰውየው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሰላይ ነበር፤ መስቀሉም መሸፈኛ ነበር አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ከላይ ልብ ይበልልኝ ያልኩትም ለዚህ ነው። ሳፔቶ በ1830 ዓ.ም. አድዋ ሲገባ የሚሰልልለት የኢጣልያ መንግሥት አልነበረም፤ ከ23 ዓመት በኋላ ነው የተፈጠረው። በወጣትነቱ የመጣው ለሃይማኖቱ ነው። መንግሥቱ ሲወለድ ግን ለእምነት ያጠራቀመውን ዕውቀት ሁሉ፣ ቋንቋውንም መንገዱንም፣ አውጥቶ ለመንግሥቱ ሰጠው። እንዲህ ስናየው ታሪኩ ከሰላይ ታሪክ ይልቅ ያስፈራል፤ ሰላይን መጠንቀቅ ይቻላልና፤ በቅንነት መጥቶ ቋንቋን የተማረውን እንግዳ ግን ከ30 ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን እሱም ራሱ አያውቅም። ጓደኞቼ በዚህ አልረኩም፤ ክርክሩም ደወል ሲደወል ተቋረጠ።

ሳፔቶ የመጨረሻ ዘመኑን በጄኖቫ አሳለፈ። በ1882 ዓ.ም. ገደማ ስለ ኢትዮጵያ የሰበሰበውን ዕውቀት በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1887 ዓ.ም. በ84 ዓመቱ ሞተ። በጥቂት ወራት ቀደመ እንጂ፣ በወጣትነቱ ያስጠለለችው ከተማ ስም በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓለም ጋዜጣ ሁሉ ላይ ሲወጣ ባየ ነበር። በእነዚያው ተራሮች መካከል የወደቁት የአገሩ ልጆች አብዛኞቹ እሱ አድዋን ባየበት ዘመን አልተወለዱም።

አሰብ በኢጣልያ እጅ እስከ 1933 ዓ.ም. ቆየች። በ1945 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ተቀላቀለች፤ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ መንግሥት ስትሆን የእሷ ሆነች። የ1990 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የአገራችን ዕቃ በዚያ መግባቱ ቆመ። በጉለሌ በእኛ ሰፈር የአሰብን መንገድ ዓመታት የነዱ አንድ ሽማግሌ ሾፌር አሉ። ሙቀቱን፣ የዶቢን በረሃ፣ ሌሊት ሌሊት መንዳቱን ያወሩናል። መሬቱ በ6,000 ብር እንደ ተሸጠ ስነግራቸው ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ ብሩን የተቀበሉት ሰዎች ምን ገዙበት ብለው ጠየቁኝ።