ካርል ባርክስ፦ ስሙ ሳይጻፍ የተወደደው የዳክዬዎቹ ሠዓሊ

በአውሮፓውያኑ 1940ዎቹ እና 1950ዎቹ በአሜሪካ የዶናልድ ዳክን አስቂኝ ሥዕላዊ ታሪኮች ልጅ አዋቂው ያነባቸው ነበር። በመጽሔቶቹ ላይ የሚታተመው ስም ግን የዋልት ዲዝኒ ብቻ ነበር። አስተዋይ አንባቢዎች ከሠዓሊዎቹ መካከል አንዱ እንደሚልቅ ከእጁ አጣጣል ለይተው ነበር፤ ስሙን ስለማያውቁም ጎበዙ የዳክዬ ሠዓሊ ይሉት ነበር። ያ ሰው ካርል ባርክስ ነው።

ባርክስ በ1901 በኦሪገን ግዛት ሜሪል በተባለች ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ትምህርቱ ከስምንተኛ ክፍል አልዘለለም። እናቱን በልጅነቱ አጣ፤ የመስማት ችሎታውም እየደከመ ሄደ። ለኑሮው ሲል አርሷል፣ በቅሎ ነድቷል፣ እንጨት ቆርጧል፣ በማተሚያ ቤትና በባቡር መጠገኛም ሠርቷል። ሥዕልን የተማረው በአብዛኛው በራሱ ጥረት ሲሆን፣ በደብዳቤ የጀመረውን ትምህርትም ከጥቂት ክፍሎች በኋላ ጊዜ አጥቶ ትቶታል።

በ1935 በካሊፎርኒያ የዲዝኒ ስቱዲዮ ተቀጠረ። ዶናልድን ስለሚያስቸግር የፀጉር አስተካካይ ማሽን ወንበር ያፈለቀው ቀልድ ከረዳት ሠዓሊነት ወደ ታሪክ ፈጠራ ክፍል አሻገረው። በ1942 ግን ስቱዲዮውን ለቀቀ፤ የሕንጻው ማቀዝቀዣ ጤናውን ጎድቶት ነበር፤ የጦርነቱ ጊዜ ሥራም አልተስማማውም። ከዚያም ዶሮ እያረባ ለኮሚክ መጽሔቶች መሣል ጀመረ። ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ የ1943ቱ የዶናልድ የጓሮ አትክልትና ዘሩን የሚለቅሙ ቁራዎች ታሪክ ነው። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመታት በላይ 500 ያህል ታሪኮችን ሠርቷል፤ አብዛኞቹንም ራሱ ጽፎ ራሱ ሥሏል።

የባርክስ ሳቅ የሚመነጨው ከጠባይ ነው። ዶናልድ ቁጡና ችኩል ነው፤ ያቀደውን ሁሉ ራሱ ያበላሸዋል። ሦስቱ የወንድም ልጆች መሰል የእህቱ ልጆች ደግሞ ከእርሱ ይልቅ ብልሆች ናቸው። በ1947 የፈጠረው ስስታሙ ሀብታም አጎት ስክሩጅ ገንዘቡን እንደ ውኃ ይዋኝበታል። የሥዕሉ መስመር ጥርት ያለ ነው፤ ፊትና የሰውነት እንቅስቃሴ ከንግግሩ በፊት ስሜትን ይናገራሉ። ርቀው ያሉ አገሮችን ሲሥል ከናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ፎቶዎች መነሻ ይወስድ ነበር። ለልጆች ብሎም ሐሳቡን አያቀልም፤ ስግብግብነትን፣ ስንፍናንና ከንቱ ኩራትን ሳይሰብክ ያሳያል።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ በ1951 የወጣው ታሪኩ ነው። ዐውሎ ነፋስ የስክሩጅን ገንዘብ ጠርጎ በአገሩ ሁሉ ይበትነዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ሚሊየነር ይሆንና ሥራውን ጥሎ ዓለምን ለመዞር ይነሣል። ስክሩጅ ግን እርሻውን መኮትኮቱን፣ ከብቱን መመገቡን አይተውም። ብዙም ሳይቆይ ገንዘብ ሞልቶ ምግብ ይጠፋል፤ እንቁላልና ጎመን በሚሊዮን ዶላር ይሸጣሉ። የተበተነው ሀብትም ተመልሶ ወደ ገበሬው እጅ ይገባል። ሕፃን በዐውሎ ነፋሱ ይስቃል፤ አዋቂው ስለ ገንዘብና ስለ ላብ ያስባል።

ባርክስ የሚከፈለው በገጽ ሒሳብ ነበር፤ መጽሔቶቹ በብዛት ሲሸጡም ሆነ ታሪኮቹ ደጋግመው ሲታተሙ ከትርፉ ድርሻ አልነበረውም። አንባቢዎች ስሙን አፈላልገው ያገኙት በ1960 አካባቢ፣ እርሱ ወደ 60 ዓመቱ ሲቃረብ ነው። በ1966 ጡረታ ወጣ። በ1971 ተፈቅዶለት ዳክዬዎቹን በዘይት ቀለም መሣል ጀመረ፤ ሥዕሎቹም በገዢዎች ዘንድ ተፈላጊ ሆኑ። በ1987 በአሜሪካ የኮሚክ ሠዓሊዎች የክብር መዝገብ ሰፈረ። በ1994፣ በ93 ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አውሮፓ ተጉዞ በብዙ አገሮች አድናቂዎቹ በክብር ተቀበሉት።

በነሐሴ 2000 በ99 ዓመቱ በተወለደባት የኦሪገን ግዛት አረፈ። ለረጅም ዘመን ያለ ስም የወጡት ታሪኮቹ ዛሬ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች ይነበባሉ፤ በሽፋናቸው ላይም የካርል ባርክስ ስም ይታተማል።